ከመንገዱ በስተግራ ያለችው ጎጆ

ሰው ዕረፍት በወጣ ቁጥር አዲስ አገር ማየት ሲችል፣ ስለ ምን ወደ አንድ ሥፍራ ደጋግሞ ይመለሳል? ይህን ጥያቄ ያነሣብን በመሥሪያ ቤታችን ያለ አንድ ወጣት ባልደረባችን ነው። የገና በዓል በዋለ በማግስቱ ወደ ላንጋኖ ለመሄድ ጓዛችንን ስናሰናዳ አይቶ፣ «ደግሞ እዚያችው ጎጆ? አገሩ ሰፊ አይደለም ወይ?» አለን። ለጊዜው ስቀን አለፍነው እንጂ መልስ አልሰጠነውም። መልሱን ያገኘነው ከአራት ቀን በኋላ ስንመለስ ነው፤ ያም መልስ ስንሄድ በልባችን ይዘነው የነበረው አልነበረም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለእርሱና እንደ እርሱ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ለሚገኙ ወጣቶች እናቀርባለን።

«እኛ» ስንል አምስት ጓደኛሞች ማለታችን ነው። የተዋወቅነው በዩኒቨርሲቲ በአንድ ክፍል ስንማር ነው። ዛሬ ሁለታችን በአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኞች ነን፤ ሦስተኛው ነጋዴ ነው፤ አራተኛው በአዳማ መምህር ሆኗል። አምስተኛው ባሕር ማዶ ከተሻገረ ብዙ ዓመት ሆነው፤ ቢሆንም የገና ሰሞን በደረሰ ቁጥር ከኪራዩ የሚደርስበትን ድርሻ ሳይልክ ቀርቶ አያውቅም። «አልጋዬን ለሌላ እንዳትሰጡብኝ» እያለ ይልካል።

ጎጆዋ ስም የላትም፤ ባለቤቷም የታወቀ ሆቴል ያለው ሰው አይደለም። በላንጋኖ ሐይቅ ዳር በግራር ዛፎች መካከል ለኪራይ ከተሠሩት ትንንሽ ቤቶች አንዷ ናት። ሁለት ክፍል፣ አንዲት ጠባብ በረንዳ፣ በሣር የተከደነ ጣራና በጢስ የጠቆረ ማድ ቤት አላት፤ ከዚህ ሌላ የሚነገርላት ነገር የለም። በሯን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ካልገፉት እንቢ ይላል፤ ይህንንም የሚያውቅ የቆየ ደንበኛ ብቻ ነው። መጀመሪያ የገባንባት የመጨረሻውን ፈተና በጨረስን ሰሞን ከየኪሳችን አዋጥተን ነው። በመድረካችን ጊዜ «ቤት ለእንቦሳ» ብለን ስንገባ፣ ሽማግሌው ዘበኛ ስቀው «እንቦሳ እሰሩ» ያሉን ዛሬም ትዝ ይለናል። ከዚያ ወዲህ ገና ባለፈ ቁጥር መሄድ ልማዳችን ሆኖ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ከገባ በኋላ ግን አንድ ዓመት በአንዱ ምክንያት፣ ሌላው ዓመት በሌላ ምክንያት እየተስተጓጎለ ጎጆዋን ሳናያት ቆየን። እንግዲህ የአሁኑ ጉዞ መመለስ ነበር እንጂ መሄድ ብቻ አልነበረም።

በመንገድ ላይ

ከአዲስ አበባ እስከ ላንጋኖ ያለው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛ ግን መምህሩን ጓደኛችንን ለመውሰድ በመጀመሪያ አዳማ ገባን። በፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። ወደ ከተማው ሲቀርቡ በኮረብታው ላይ ተሰልፈው የሚሽከረከሩት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ይታያሉ፤ ሁለቱ ጣቢያዎች በድምሩ 204 ሜጋዋት ኃይል እንዲሰጡ የተሠሩ ናቸው።

አዳማን የወለዳት ባቡር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በዚህ ሲያልፍ ጣቢያው ገበያን፣ ገበያውም ከተማን አመጣ። ስሟ ከኦሮምኛው የቁልቋል መጠሪያ የመጣ ነው ይባላል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከመጽሐፍ ቅዱስ በተወሰደ ስም ናዝሬት ተብላ ቆይታ፣ በ1992 ዓ.ም. ወደ ጥንቱ ስሟ ተመልሳለች። ሽማግሌ መንገደኛ ግን እስከ ዛሬ «ናዝሬት ግባ» ማለቱን አልተወም።

የአዲስ አበባ ሰው ለዕረፍት ወደዚህ ቆላ መውረድ የጀመረው በእኛ ዘመን አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ በቢሾፍቱ የዕረፍት ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር ያለው የሶደሬ ፍልውኃ ለብዙ ቤተሰብ የሙሽርነትም የሕመም ማስታገሻም ሥፍራ ሆኖ ኖሯል። ሶደሬ ለመታጠቢያ ብቻም አልዋለም፤ በ1989 ዓ.ም. ሃያ ስድስት የሶማልያ ቡድኖች ስለ አገራቸው ሰላም የመከሩት በዚያ ነው። ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ አቶ በቀለ ሞላ ለመንገደኛ ሆቴል እየከፈቱ ስማቸውን ተክለዋል። በላንጋኖ ዳር ያቆሙት ሆቴላቸው ከውኃው አጠገብ ባሉት ትንንሽ ቤቶቹ የታወቀ ነው። ሐይቁን የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ በዚያ በረንዳ ላይ ዓሣ ሳይበላ አልቀረም።

የሆነ ሆኖ ከአዳማ ስንነሣ አራት አልነበርንም፤ አምስተኛ ሰው አገኘን። ይኸውም የጎጆዋ ዘበኛ የልጅ ልጅ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለ ውኃ በጀሪካን እየቀዳ፣ ቆሮሶ በሽቦ ሰክቶ እያመጣ ይሸጥልን ነበር። አንዱ ጓደኛችን በበረንዳው ላይ ሒሳብ ያስጠናው እንደ ነበር እናስታውሳለን። ዛሬ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኗል። በዓሉን ከአያቱ ጋር ሊውል ፈልጎ በመኪናችን ተሳፈረ።

ዛሬ ከሞጆ እስከ ባቱ የፍጥነት መንገድ ተዘርግቷል። እኛ ግን በአሮጌው መንገድ መሄድን መረጥን፤ ምክንያቱም የጉዟችን ልማድ በዚያ መንገድ ላይ ነው። ከሞጆ ወደ ደቡብ እንደ ታጠፍን የቆቃ ውኃ ተገለጠ። ይህ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራውና በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ያቆመው ሐይቅ ነው። በመቂ ቆመን እንደ ወትሮው አንድ ቅርጫት ቲማቲምና ሽንኩርት ገዛን። በባቱ፣ በጥንት ስሟ በዝዋይ፣ ምሳ በላን። ከቡልቡላ አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን ሐይቁ በግራ በኩል ብቅ አለ። ነጋዴው ጓደኛችን ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ክላክሱን ሁለት ጊዜ ነፋ።

በዚህ ጊዜ ልጁ፣ «ጋሼ፣ ይህን ያህል ዓመት ስትመላለሱ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ ታውቃላችሁ? አብያታን አይታችሁታል?» ሲል ጠየቀን። እርስ በርሳችን ተያየን። አንዳችንም አይተነው አናውቅም ነበር። ይህን ያህል ዓመት ስንመጣ መሪያችን ወደ ግራ ብቻ ነው የተጠመዘዘው።

ስለ ዕረፍት ሕግ

ከመንገዳችን ጥቂት ገለል ብለን ለወጣት ሠራተኞች አንድ ነገር እንናገር። በአገራችን ዕረፍት መውጣት የሰነፍ ሥራ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ዕረፍቱን ሳይወስድ ዓመት ከዓመት የሚሠራ ሰው እንደ ጀግና ይቆጠራል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ከደመወዝ ጋር ደንግጓል፤ በየሁለት ዓመቱም አንድ ቀን ይጨመርበታል። ከዚህም በላይ አዋጁ ራሱ ከሚፈቅደው ሁኔታ በቀር በዕረፍት ፈንታ ገንዘብ መክፈልን ይከለክላል። ይህም ሕግ አውጪው የሠራተኛውን ኪስ ሳይሆን አካሉንና አእምሮውን ለመጠበቅ ማሰቡን ያሳያል።

ዕረፍትም የግድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እኛ ተማሪዎች ሳለን የሄድነው በአውቶቡስ ነው፤ ስንቃችን ዳቦ ቆሎና በሶ ነበር። አንድ ቤት ለአምስት ሲከፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው ከአንድ ምሽት መዝናኛ ወጪ አይበልጥም ነበር። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

እንጨቱ ርቋል

ላንጋኖ ስፋቱ ወደ 240 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ ጥልቀቱም ከ45 ሜትር በላይ የሆነ ሐይቅ ነው። ውኃው ቡናማ ነው። አዲስ መጭ አይቶ ቆሻሻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቀለሙን የሚሰጠው በውኃው ውስጥ ተንሳፎ የሚኖር እጅግ የደቀቀ አፈር ነው። ከቢልሃርዝያ ነጻ ነው ስለሚባል ዋናተኛ ይወደዋል። በምሥራቅ በኩል ከአርሲ ተራሮች የሚወርዱ ወንዞች ይመግቡታል። ጧት ጧት እንደ መስታወት ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ያስመታዋል።

ጎጆዋ ከነበረችበት አልተናወጠችም። ሽማግሌው ዘበኛ ግን አርጅተዋል፤ በምርኩዝ ወጡልን። «አካም ጅርቱ፣ አባባ» ብለን ጎንበስ አልን። «ፈያ፤ እናንተስ? ልጆቻችሁስ? ከብቱስ?» አሉን። ከብት እንደሌለን እያወቁ እንዲህ መጠየቅ ወጋቸው ነው። ከዚያም ቆጠሩንና፣ «አምስተኛው አሁንም አልመጣም?» አሉ። ድርሻውን ልኳል ስንላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገንዘቡ ይመጣል፤ ሰውዬው አይመጣም» አሉ።

በመጀመሪያው ማታ እንደ ልማዳችን እሳት ለማንደድ እንጨት ጠየቅን። የጥር ሌሊት በሐይቁ ዳር ይበርዳል፤ የእኛም ጨዋታ የሚደምቀው በእሳት ዙሪያ ነው። በፊት ሽማግሌው ከቤቱ ኋላ ዘወር ብለው በትከሻቸው ትልቅ ግንድ ይዘው ይመለሱ ነበር። አሁን የቀረበልን አንዲት ቀጭን እስር ጭራሮ ናት። «እንጨቱ ርቋል» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በማግስቱ ከቤቱ ኋላ ሄደን አየን። ጥቅጥቅ ያለ የግራር ደን የነበረበት ሥፍራ አንዳንድ ዛፍ ብቻ ቆሞበታል፤ በመካከሉ ከመሬት እኩል የተቆረጠ ጉቶ በየርምጃው ይገኛል። መጀመሪያ የሠነዘርነው ቃል ከሰል አክሳዮችን የሚወቅስ ነበር። በእርግጥ በዚያ መንገድ ዳር ከሰል በጆንያ ተደርድሮ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው። ነገር ግን መምህሩ ጓደኛችን ጣቱን ወደ ራሳችን መለሰው። «በዓመት ሦስት ሌሊት፣ በሌሊት አንድ ግንድ፤ ይህን በመጣንበት ዓመት አባዙት። ከዚያም በዚህ ዳር በሚከራዩት ቤቶች ሁሉ አባዙት» አለ። ሒሳቡን ማንም አልጨረሰውም። በዚያ ማታ እሳት ሳናነድ፣ ጋቢያችንን ተከናንበን በጨለማው ውስጥ ተቀመጥን።

ወደ ቀኝ

በሦስተኛው ቀን ጧት ልጁ እየመራን መንገዱን ተሻገርን። ከአስፋልቱ በስተቀኝ ያለው ምድር የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ይህ በ1960ዎቹ የተቋቋመና 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ፓርክ ከግማሽ የሚበልጠው ክፍሉ ውኃ እንዲሆን የታሰበ ነበር። ከጉብታው ላይ ሲቆሙ ሁለቱ ሐይቆች በአንድ ጊዜ ይታያሉ። በደቡብ ያለው ሻላ ጥልቀቱ 266 ሜትር ስለሆነ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። በሰሜን ያለው አብያታ ግን ከመጀመሪያውም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ያልበለጠ ሐይቅ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው የመሬት ወገብ ቀጭን ነው።

ወርደን ወደ አብያታ ተጓዝን። መሬቱ ነጭ ነበር፤ ከሩቅ ላየው ውኃ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን የደረቀ ሶዳ ነው። እግር ሲረግጠው ይሰባበራል፤ ከሥሩም ጥቁር ጭቃ አለ። ልጁ አንድ ሥፍራ ላይ ቆመና፣ «አያቴ ወጣት ሳሉ ከብቱን ወደ ሐይቁ ሲያወርዱ የውኃው ጠርዝ እዚህ እንደ ነበር ይናገራሉ» አለን። ከዚያ ተነሥተን ውኃው ዘንድ እስክንደርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄድን። በውኃው ዳር የፍላሚንጎ መንጋ እንደ ሮዝ ቀለም መሥመር ተዘርግቶ ቆሞ ነበር። ውበቱን አንክድም። ይሁን እንጂ ማናችንም ፎቶግራፍ ለማንሣት አልተጣደፍንም።

ነገሩ እንዴት ሆነ? በ1965 ዓ.ም. ገደማ የአብያታ ስፋት ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ከ100 በታች ወረደ። ለሐይቁ ዋና መጋቢው ከዝዋይ ሐይቅ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ነው። በዝዋይ ዙሪያና በወንዙ ዳር ያለው መስኖ እየሰፋ ሲሄድ፣ ወደ አብያታ የሚደርሰው ውኃ እያነሰ ሄደ። በተጨማሪም ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ሶዳ አሽ ለማግኘት ውኃው ከሐይቁ ወደ ማድረቂያ ገንዳዎች እየተሳበ ይተን ነበር። ጥልቅ ያልሆነ ሐይቅ ደግሞ ጥቂት ሲጎድልበት ዳርቻው ብዙ ይሸሻል፤ ዝርግ ሳህን ላይ ያለ ውኃና በማሰሮ ውስጥ ያለ ውኃ እኩል ቢቀነስባቸው፣ ጉድለቱ ቶሎ የሚታየው በሳህኑ ላይ ነው። ውኃው ሲያንስ ጨዉ በረታ፤ ጨዉ ሲበረታ ዓሣው አለቀ። በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው ዓሣ ለማጥመድ ወደ አብያታ ይመላለሱ የነበሩት ይብራዎች ምግባቸውን ፍለጋ ወደ ሌላ ሐይቅ መሄድ ግድ ሆነባቸው። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል፤ በአብያታ ግን ውኃው ራሱ እያሳሳቀ ተወሰደ።

በዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። ከሁለቱ የመንግሥት ሠራተኞች አንዱ፣ «ገበሬው ምን ይብላ? በአበባ እርሻው የተቀጠረው ሕዝብስ ወዴት ይሂድ? ለወፍ ብለን ሰው አናስርብም» አለ። ሁለተኛው፣ «ሐይቁ ሲያልቅ ሰውም ወፍም ይራባል፤ ያለ ልክ የሚቀዳ ውኃ ለገበሬውም አይበረክትለትም» ብሎ መለሰ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ክርክሩን ያበረደው በመኪናችን ውስጥ ያለው ቅርጫት ነው። ከመቂ የገዛነው ቲማቲም በምን ውኃ እንደ በቀለ ስናስብ፣ እኛም ከጉዳዩ ውጭ ሆነን የምንፈርድ ዳኞች እንዳልሆንን ገባን። ስለዚህ የተስማማንበት ነገር ይህ ነው፦ መስኖው ይቁም ማለት አይቻልም፤ ስንት እንደሚቀዳ ሳይለኩና ለታችኛው ሐይቅ ስንት እንደሚቀር ሳይወስኑ መቅዳት ግን ይቁም ማለት ይቻላል። ወጣት መሐንዲሶችና የአስተዳደር ሠራተኞች ሥራ ቢፈልጉ፣ ሥራው ይኸው።

ልጁ የነገረን ሌላ ነገር ደግሞ ይበልጥ አስደነገጠን። የእኛ ላንጋኖ ለብቻው የተቀመጠ ሐይቅ አይደለም። ሲሞላ ሆራ ከሎ በተባለች ወንዝ በኩል ወደ አብያታ ይፈሳል። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ዝናም በበዛበት ዘመን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ እንደ ነበሩ የመሬት አጥኚዎች አረጋግጠዋል። እንግዲህ እኛ ወድደን የተመላለስንበት ውኃና ዞር ብለን ሳናየው የጎደለው ውኃ ወንድማማቾች ናቸው።

ያልጠየቅነው ጥያቄ

በመጨረሻው ማታ ሽማግሌው ሌላ ወሬ ነገሩን። የጎጆዋ ባለቤት ቤቷን አፍርሶ በምትኳ ባለ ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ ለመሥራት አስቧል። ምናልባት ለሚመጣው ገና አትገኝም። ይህን ስንሰማ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ተናገርን። አንዱ «እንዴት ይሆናል!» አለ፤ ሌላው ለባለቤቱ እንጻፍለት አለ፤ ሦስተኛው እንግዛት እስከማለት ደረሰ። «እንግዲህ እኛ የት እናርፋለን?» ስንልም ሽማግሌው በዝምታ ሰሙን። ከዚያም ቀስ ብለው፣ «እናንተ በዓመት ሦስት ቀን ነው የምታውቋት። እኔ ሌላውን ቀን ሁሉ ከርሷ ጋር ነኝ» አሉ።

ይህን ያህል ብቻ ነው የተናገሩት፤ እኛ ግን አፈርን። ጎጆዋ ስትፈርስ የዘበኛው እንጀራ አብሮ እንደሚፈርስ አንዳችንም አላሰብንም ነበር። የት እንደምናርፍ ጠየቅን እንጂ የት እንደሚያርፉ አልጠየቅናቸውም። ለብዙ ዓመት «አባባ» እያልን ስንጠራቸው ኖረን፣ ደመወዛቸው ስንት እንደሆነ እንኳ የጠየቅነው በዚያች ሌሊት ነው።

በዚያው ሰዓት ባሕር ማዶ ላለው ጓደኛችን ደወልንለት። የመጀመሪያው ጥያቄው፣ «ጎጆዋ አለች?» የሚል ነበር። ሁሉንም ነገርነው። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ ከእንግዲህ የሚልከው ድርሻ ጎጆዋ ብትኖርም ባትኖርም ለልጁ የትምህርት መሣሪያ እንዲውል ተስማማ። እኛም አራታችን ከየድርሻችን ለመጨመር ቃል ገባን። ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ ብድሩን በገንዘብ እንዳይከፍለን፣ ነገር ግን የውኃን ነገር እንዳይተው ለመንነው። «ጋሼ፣ እኔ ብተወው አያቴ አይተዉኝም» አለን።

ስለ ባለቤቱ አንድ ቃል እንበል። በንብረቱ ላይ ያሻውን የመሥራት መብት አለው፤ እኛ ተከራዮች ነን። በዚህ አገር ሰው ለቤት ያለው ስሜት የርስት ስሜት ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ንብረት በሆነ ጊዜ ስንት ቤተሰብ ቤቱን ተሰናብቶ እንደ ወጣ ከአባቶቻችን ሰምተናል። የእኛ ስንብት ከዚያ ጋር የሚመዛዘን አይደለም። ተከራይ ቤቱን ይዞ መቆየት አይችልም፤ አጥርቶ መልቀቅ ግን ይችላል። ስለዚህ በአራተኛው ቀን ጧት ወለሉን ጠርገን፣ ማድ ቤቱን አጥበን፣ ያልነካነውን እስር ጭራሮ ለሚመጣው እንግዳ ከምድጃው አጠገብ አኑረን፣ ቁልፉን በሁለት እጃችን ለሽማግሌው አስረከብን። ለባለቤቱም ደብዳቤ ጻፍን፤ በደብዳቤው የለመንነው ጎጆዋን እንዳያፈርስ ሳይሆን በአዲሱም ቤት ሥራ ሲጀመር ሽማግሌውን እንዳይዘነጋ ነው።

ለባልደረባችን የምንሰጠው መልስ

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሰው ስለ ምን ወደ አንድ ሥፍራ ደጋግሞ ይመለሳል? ስንሄድ ይዘነው የነበረው መልስ፣ ያ ሥፍራ ስለማይለወጥ ነው የሚል ነበር። በከተማ ሁሉ ነገር ሲለዋወጥ በላንጋኖ ያቺ በር ያው እንደ ጥንቱ እንቢ ትላለች ብለን ነበር የምናስበው። ይህ ግን የሕልም መልስ ሆኖ አገኘነው።

አሁን የምንሰጠው መልስ ሌላ ነው። አብያታን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያይ እንግዳ «ትንሽ ሐይቅ ነው» ብሎ ይሄዳል። የሚመለስ ሰው ግን «ጎድሏል» ይላል። ጉቶውን አንድ ጊዜ የሚያይ «ሜዳ ነው» ይላል፤ የሚመለስ ግን «እዚህ ደን ነበር» ብሎ ይመሰክራል። መመለስ ጥቅሙ ይህ ነው። የእኛ ጥፋት ተመላልሰን ሳናይ መቅረታችን ነው፤ ዓይናችንን ከአንድ በረንዳና ከአንድ ውኃ ላይ ሳናነሣ ብዙ ዓመት አሳለፍን።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዎቻችንን የምንመክራቸው እንዲህ ብለን ነው። ዕረፍታችሁን ውሰዱ። የምትወዱት ሥፍራ ካለ ተመለሱበት። ነገር ግን ከቀኖቹ አንዱን ጧት መንገዱን ለመሻገር አውሉት፤ ቤቱን የሚጠብቅላችሁንም ሰው ኑሮው እንዴት እንደሆነ ጠይቁት። እሳት ሳያነዱ መጫወትም ይቻላል፤ እኛ ሞክረነዋል።

ከአብያታ ስንመለስ ልጁ በውኃው ጠርዝ ላይ ድንጋይ እንድንከምር ጠይቆን ነበር። አምስት ድንጋይ ከሩቅ ተሸክመን አመጣን፤ አንዱ ለባሕር ማዶው ጓደኛችን ነው። ቀኑንም በማስታወሻችን ጻፍን። ጎጆዋ ትኑርም ትፍረስም፣ ዓመት ከዓመት ካደረሰን በሚመጣው ጥር በዚያው ቀን እንመለሳለን። ከድንጋዩ እስከ ውኃው ያለውን ርምጃ ቆጥረን፣ ቢጨምርም ቢቀንስም ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።